ስኳር በሽታና ዕድራችን
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዳሩ ግን ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስናሳልፍ ወረቀት ማገላበጥ ስለ ለመድን፣ በሽታው ቤታችን ከገባ ወዲህ ያገኘነውን ጽሑፍ ሁሉ ስናነብ፣ ሐኪሞችንም ስንጠይቅና ስንነዘንዝ ቆይተናል። በእኛ ቤት ሁለት ሽማግሎች ነን። ሁለታችንም የስኳር ሕመምተኞች ነን፤ አንዳችን በክኒን፣ አንዳችን በመርፌ እንኖራለን።

መጀመሪያ «ስኳር አለባችሁ» ሲሉን ሳቅን። እንዴ! ስኳር የሀብታም በሽታ አይደለም ወይ? ቅቤና ሥጋ የጠገበ፣ ቦርጩ ከቀበቶው በላይ የወጣ፣ ከመኪና የማይወርድ ሰው ይያዛል እንጂ በጡረታ ገንዘብ ሽሮ የሚበላ ሰው ከየት ያመጣዋል አልን። ከእናንተም መካከል እንዲህ የሚል ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ቡና ላይ ስንሰማችሁ እንውላለንና። ይህ አስተሳሰብ ግን ሰው አስቀብሮናል። ዛሬ ለመናገር የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ ሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ከደም ወጥቶ ለሰውነታችን ጉልበት እንዲሆን በር የሚከፍትለት ኢንሱሊን ይባላል፤ የሚያመነጨውም ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት ነው። ቆሽቱ ማመንጨት ሲያቅተው፣ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊኑ አልታዘዝ ሲል፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ኩላሊት ትርፉን በሽንት ሊያስወግድ ይሞክራል፤ ሲያስወግድም ውኃ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሰውየው ይጠማዋል፣ ሌሊት ደጋግሞ ይነሣል፣ እየበላ ይከሳል። ከቆየ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ክፋቱ ግን ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ሊቀመጥ መቻሉ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም።

አዎ፣ ውፍረት፣ በተለይ የወገብ ውፍረት፣ ለበሽታው ያጋልጣል። ተቀምጦ መዋልም እንዲሁ። ዕድሜ መግፋት፣ ወላጅ ወይም ወንድም እኅት የታመመበት መሆን፣ የደም ግፊት፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት መሆን፣ እነዚህ ሁሉ አሉ። ታዲያ ቀጭን ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ እንዳይቀመጥ ወደ ጎንደር እንውሰዳችሁ።

የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የስኳር ሕመምተኞችን ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ ያዩት ሌላ ነው። ከገጠር የሚመጡላቸው ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድኾች፣ ገና ወጣት የሆኑ ገበሬዎች ናቸው፤ ያለ ኢንሱሊን መርፌም መኖር አይችሉም። በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናታቸው እነዚህን ሕመምተኞች ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ድህነትና በልጅነት የደረሰ የምግብ እጦት ከበሽታው ጋር ተያይዞ መገኘቱን ገለጸ። በልጅነቱ ያልጠገበ ሰው ካደገ በኋላ ስኳር ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። ከእኛ መካከል በልጅነቱ ጠግቦ ያደገ ስንት ሰው አለ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለውን ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ ስኳር በ1985 እ.ኤ.አ. ለብቻው መድቦት ነበር። በ1999 ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ከዝርዝሩ ወጣ። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ እንደገና አነሣው፤ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። የተዘጋ ፋይል ከ26 ዓመት በኋላ ተከፈተ ማለት ነው። በመዝገብ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይተናል፤ ፋይሉ ተዘጋ ማለት ባለጉዳዩ ሄደ ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን ሲሄዱ ቀጫጮች ነበሩ። እዚያ አዲስ ምግብና አዲስ አኗኗር ጠበቃቸው። በ1988 የታተመ ጥናት ገና በወጣቶቹ ላይ እንኳ ስኳር በብዛት መታየቱን አመለከተ። የተራበ ሰውነት በድንገት ሲጠግብና እግሩም መሄድ ሲተው ይኸው ይመጣል። እኛስ ከተማ ገብተን ታክሲ ስንለምድ፣ ለስላሳ ስንለምድ ምን ሆንን? አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ።

እዚህ ላይ በዕድራችን ድንኳን ስለምናደርገው አንድ ነገር እንናገር፤ አትቀየሙን። ኀዘን ቤት የመጣን ሰው «በሞቴ» እያልን እናጎርሳለን፤ «በቃኝ» ሲል «አፈር ስሆን» እንላለን፤ ሻዩን ሳንጠይቀው በስኳር አጥግበን እናቀርባለን። ሕመምተኛው ይሉኝታ ይዞት ይጠጣል። ኋላ ቤቱ ገብቶ ሲያዞረው የሚያድር እሱ ነው። እኛ ራሳችን ስንት ጊዜ ተጎድተንበታል!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ነው። በ1922 መጀመሪያ የተወጋው ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ሊሞት የደረሰው ልጅ 13 ዓመት ተጨምሮለት ኖረ። የግኝቱ ባለመብቶች መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በነፍስ ወከፍ በአንድ ዶላር ነው። ለሰው ሁሉ ይድረስ ብለው ነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ግን አንዳንድ ወር ጤና ጣቢያ ሄደን «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተብለን እንመለሳለን። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ትልቅ ነገር ነው፤ ያልገባችሁ ግቡ። ነገር ግን መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ላይ ከሌለ የመድኑ ደብተር ብቻውን መርፌ አይሆንም። የግል መድኃኒት ቤት ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ነው የሚጠይቀው።

ከዚሁ ከመንደራችን አንድ ወንድማችን ነበረ። ስሙን አናነሣም፤ ታውቁታላችሁ። ሥጋ የሌለው ቀጭን ሰው ነበረ። አዲስ ጫማ ጣቱን ላጠው፤ ነርቩ ደንዝዞ ስለ ነበረ አልተሰማውም። ስኳር እንዳለበት የታወቀው ቁስሉ ሸትቶ ሐኪም ቤት ሲደርስ ነው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከዚያ ሥራ የለ፣ ገቢ የለ። መጀመሪያ ሬዲዮኑን፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ሸጠ። በኋላ እንደ ሰማነው ኢንሱሊኑ እንዳያልቅበት በየቀኑ የታዘዘለትን አንዱን ቀን እየዘለለ ይወጋ ነበር። ለእኛ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ሲሞት ድንኳን ተከልን፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን፣ የዕድሩን ገንዘብ ለባለቤቱ ቆጥረን አስረከብን። ደረሰኙን የጻፍነው እኛ ነን። እሷም ገንዘቡን በእጇ ይዛ «ይህ ባለፈው ሰኔ ቢሆን ኖሮ» አለችና ዝም አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ደረሰኝ ከዓይናችን አልጠፋም።

ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር እንጠይቃለን። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያጣ አባል ለአንድ ወር የሚበቃውን መግዣ ከዕድሩ ይበደር፤ በየወሩ ከመዋጮው ጋር እያቃለለ ይመልስ። አንዳንድ አባቶች «የቀብሩ ገንዘብ ይነካል» ብለው እንደሚሰጉ ሰምተናል። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ሂሳብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነንና ይገባናል። ለዚህ ነው ገንዘቡ በሌላ ደብተር ይያዝ፣ ጣሪያው ይወሰን የምንለው። የማይመልስም ይኖር ይሆናል። ለድንኳንና ለወንበር የወጣው ግን መቼ ተመልሶ ያውቃል?

ለሕመምተኞች ጥቂት ቃል። እግራችሁን በየማታው አገላብጣችሁ እዩ፤ የማታዩ ከሆነ ልጅ ይይላችሁ። በባዶ እግር አትሂዱ፤ የውኃውን ሙቀት በእግር ሳይሆን በክርን ሞክሩ። ያልበው፣ የሚያንቀጠቅጠውና የሚቀባዥር የስኳር ሕመምተኛ ስታዩ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ ከቻለ ቶሎ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ አጠጡት፤ ያን ጊዜስ ለስላሳው መድኃኒት ነው። ማቀዝቀዣ የሌላችሁ ኢንሱሊኑን ውኃ እንዳይነካው አሽጋችሁ፣ በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ቦታ አኑሩት። ጾመኞች፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ጸበሉንም ጠጡ፣ ሺፈራውንም ጠጡ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን አታቋርጡ።

ውጭ አገር ያለች ልጃችን የስኳር መለኪያ ልካልናለች። ስትሪፕ የሚሉት የመለኪያው ወረቀት ውድ ስለሆነ እስካሁን ለቤታችን ብቻ ስንቆጥበው ነበር፤ ዘንድሮ ከኮሚቴው ጋር ሆነን ጥቂት ገዝተናል። የአንድ አባላችን ልጅ ነርስ ናት፤ ልትለካ ፈቃደኛ ሆናለች። የሚቀጥለው ወር መዋጮ በሚከፈልበት እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ዕድር ቤት እንገኛለን። መውጊያው ለየሰው አዲስ ነው። ባዶ ሆድ ላይ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ለማረጋገጥ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ብቻውን መሄድ ለከበደው አብረን እንሄዳለን። ቁርስ ሳትበሉ ኑ፤ ውኃ መጠጣት ይቻላል። ከተለካችሁ በኋላ ቆሎና ሻይ አለ፤ ሻዩ ግን ስኳር የለውም።