ጎመን በዳንፎርዝ ጓሮ



ዩኒቨርሲቲ ቆይተን መሪ የጨበጥን የታክሲ ሾፌሮች ስለ ጓሮ አትክልት ምን አገባን ትሉ ይሆናል። የሌሊት ተረኞች ስለሆንን ውርጩን ከሁሉ ቀድመን የምናየው እኛ ነን። ጎህ ሲቀድ የመኪናውን መስታወት የምንፍቅ ከሆነ በሶብላ ወደ ውጭ አይወጣም።

በዳንፎርዝ፣ ከግሪንውድ እስከ ሞናርክ ፓርክ ባሉት ሱቆቻችን እንጀራ አይጠፋም። አሁን የተቀነጠሰ በሶብላ ግን የሚገኘው ከጓሮ ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ሁለት ቀን ሞቅ ሲል ሁሉም ይቸኩላል። የሚቸኮለው ለጎመንና ለባቄላ ነው፤ ብርድ ይችላሉ። አፈሩ ሲጨበጥ እንደ ሊጥ መጣበቁን ከተወ ይዘራሉ። ቃሪያ በመጋቢት መስኮት ሥር በጣሳ ይበቅልና ከበሶብላው ጋር ከቪክቶሪያ ቀን በኋላ ይወጣል። ቀኑም ከግንቦት 10 እስከ 16 ባለው ጊዜ የሚውለው ሰኞ ነው። በአሮጌ ቤት ግድግዳ ሥር ግን አትትከሉ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ስላለበት አፈሩን ይበክላል። በሣጥን የተሞላ የተገዛ አፈር ይሻላል።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። እዚህ አራሾቹ እናቶቻችን ናቸው፤ አሥራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆነው በረዶ ሲያዩ ይከርማሉ። ጓሮ ያለን ደግሞ ሣር እናጭዳለን! እንግዲህ ጓሮ ያላችሁ ሁለት ክንድ መሬት ለአንዲት እናት እንድትሰጡ እንለምናለን። ማመላለሱን እኛ ሾፌሮቹ እንችለዋለን፤ ቆጣሪ ሳንከፍት። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ነው።