የመኪና ባትሪና የተጨመረ ሙዚቃ
(በተማሪ የተደረገ ንግግር)



በታክሲ ውስጥ ከበሮው በተመታ ቍጥር መብራቱ ሲደበዝዝ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ሒሳብ ነው። 600 ዋት የሚወስድ ማጉያ በ12 ቮልት 50 አምፔር ይጠይቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሙዚቃው በሙሉ ኃይሉ ቢጮኽ፥ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በወረቀት ላይ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይቆያል፤ ሞተሪኖውን ማዞር የሚሳነው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። ሾፌሩም የዕለት እንጀራውን ትቶ ገፊ ይለምናል!

ብዙዎች ሁለተኛ ባትሪ ይጨምራሉ። ነገር ግን ሁለቱንም የሚሞላው ያው አንዱ ዲናሞ ነው፤ እርሱም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ፥ ሙዚቃውም እየጮኸ ባትሪውን ለኩ። 14 ቮልት አካባቢ ካሳየ ደኅና ነው፤ ከ12.6 በታች ከወረደ ግን ባትሪው እየተበላ ነው። ያን ጊዜ አስቀድሞ ቺንግያውንና የሽቦውን ማሰሪያ ማየት፥ እነዚህ ደኅና ከሆኑ ዲናሞውን ከፍ ባለ መለወጥ ነው።