ክኒኑና መርፌው በቦንጋ

አቅራቢ 1፦ ሶሪያሲስ ቆዳን ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያንም ያጠቃል። ለቆዳው፣ መርፌ ይበልጣል የሚሉት እውነት አላቸው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ቻምፒዮን ጥናት፣ በ16 ሳምንት ሕመሙ ቢያንስ በ75 በመቶ የቀነሰላቸው አዳሊሙማብ ከተወጉት 80 በመቶ ገደማ፣ ሜቶትሬክሴት ክኒን ከወሰዱት ግን 36 በመቶ ገደማ ነበሩ። እኔ ግን ለካፋ ገጠር ታካሚ መጀመሪያ ክኒኑን እላለሁ። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማቀዝቀዣ ቁም ሣጥን ነው። ተደብቆ የተኛ ቲቢንም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ቅድመ ምርመራው ግድ ነው።

አቅራቢ 2፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ክኒኑስ ጉበት ይጎዳ የለ? ጣቱ አብጦ ቡና መልቀም ያቃተውን ገበሬ ደካማውን ውሰድ ማለት ፍርድ ነው?

አቅራቢ 1፦ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ የደም ምርመራው አይቋረጥ፣ የማር ጠጁም ይቅር፤ ለነፍሰ ጡር ጭራሽ አይሰጥም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ክኒኑ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን፣ በየቀኑ የዋጠው ሰው መቅኔው ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። ካርዱ ላይ «ማክሰኞ ብቻ» ተብሎ ይጻፍለት። በጥቂት ወራት መገጣጠሚያው ካልተሻለው ግን አንቺ ትክክል ነሽ፤ ሳይጣመም ወደ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ስፔሻሊስት ዘንድ ይላክ።