ነፍሰ ጡር እናት ያለ ምክንያት ከመብል እንዳትከለከል
ስለ ሕፃናት የምግብ አለርጂ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



እኔ የእርሻ ሰው ሆኜ ሳለሁ ስለ ነፍሰ ጡር ምግብ መናገሬ አንዳንዶቻችሁን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ዕንቁላሉ ከጓሯችሁ፥ ወተቱ ከበረታችሁ፥ ኦቾሎኒውም ከማሳችሁ የሚወጣ ስለሆነ፥ ማን እንደሚበላው መነጋገርም የእርሻ ጉዳይ ነው።

የምግብ አለርጂ የሚባለው፥ አካላችን ደኅናውን ምግብ እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲቈጣው የሚደርስ ሕመም ነው። ልጁ ዕንቁላል ወይም ኦቾሎኒ በቀመሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ገላው ሽፍታ ያወጣል፥ ከንፈሩ ያብጣል፥ ያስታውከዋል። ትንፋሽ ካጠረው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ይህን በመፍራት፥ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት እነዚህን ምግቦች ብትተው ልጇ ይድናል የሚል ምክር በውጭ አገር ሲሰጥ ቆይቷል።

እኔም በዚህ ምክር ተሳስቻለሁ። የእኅቴን የመጀመሪያ ልጅ ችፌ ያሠቃየው ነበር። ሁለተኛውን በፀነሰች ጊዜ፥ ኮሌጅ ሳለሁ ካነበብሁት አሮጌ መጽሐፍ ያገኘሁትን አምኜ ዕንቁላል፥ ወተትና ኦቾሎኒ እንድትተው ነገርኋት። እርሷም የተማረ ወንድሜ ያለውን ብላ ተወችው። በሰባተኛው ወር ልጠይቃት ስሄድ ፊቷ ገርጥቶ፥ ክንዷ ከስቶ አገኘኋት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ «ማነው የከለከለሽ?» ስትላት አጠገቧ ተቀምጬ ነበርና አቀርቅሬ ቀረሁ። በማግሥቱ ዕንቁላሉ ወደ ገበያ መሄዱ ቀርቶ ለእርሷ ተቀቀለ።

የእንግሊዝ መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም.፥ በዘራቸው አለርጂ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ኦቾሎኒን ቢተዉ ይበጃል ሲል መክሮ ነበር። ማስረጃ ስላልተገኘለት በ2009 ምክሩን ለወጠ። የእናቲቱ መከልከል ልጁን እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም፤ ይልቁንም በእርግዝናዋ ልትጨምረው የሚገባትን ክብደት ሊያጐድልባት ይችላል። በ2015 በለንደን የተፈጸመው ጥናት ውጤት ሲወጣማ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ብርቱ ችፌ ወይም የዕንቁላል አለርጂ ያለባቸው፥ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 11 ወር የሆኑ 640 ሕፃናት ተመርጠው፥ እኩሌቶቹ ኦቾሎኒ እየበሉ እኩሌቶቹ ሳይበሉ 5 ዓመት እስኪሞላቸው ቆዩ። ካልበሉት ከመቶው 17 ያህሉ የኦቾሎኒ አለርጂ ሲይዛቸው፥ ከበሉት የያዛቸው ከመቶው 3 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ እናቲቱ ራሷ አለርጂ ከሌለባት በቀር ትብላ፤ በየቀኑም ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምራ ትብላ። ወተቱ ይፈላ፥ ዕንቁላሉ በደንብ ይብሰል። ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይጥባ፤ ከዚያ በኋላ የላመ ኦቾሎኒና የበሰለ ዕንቁላል በገንፎው ጥቂት በጥቂት ይለማመድ። ፍሬውን እንዳለ ለትንሽ ልጅ መስጠት ግን ያንቀዋልና አይሆንም። ብርቱ ችፌ ያለበትን ልጅ አስቀድማችሁ ለሐኪም አሳዩ።

በየአካባቢያችን ደግሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልማድ የመጣ ክልከላ አለ። ወተት፥ ሙዝና ተልባ በፅንሱ ራስ ላይ ይለጠፋል ይባላል። በተወለደ ሕፃን ገላ ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት የፅንሱ ገላ ራሱ የሚያወጣው መሸፈኛ እንጂ እናቱ የጠጣችው ወተት አይደለም። ጾምን በሚመለከት እናቲቱ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር።

በኦቾሎኒ በኩል ነፍሰ ጡርን የሚያሰጋት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሻጋታ ነው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ መቍላትም ፈጽሞ አያጠፋውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮዎች ይህ መርዝ ያለበትን የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው አልቀዋል። የባቢሌና የጉርሱም ገበሬዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ቢሆንም ልድገመው። የቅርፊቱ ውስጥ ሲጠቍር ንቀሉ፤ ፍሬውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በፀሐይ አድርቁ፤ ሲነቀነቅ ካልተንኳኳ ወደ ጆንያ አታግቡት። ለመፈልፈል እንዲቀል ውሃ መርጨት ይቅር። የሻገተውንና የጨመደደውን ለዶሮም ቢሆን አትስጡት፤ ለእናቲቱ የሚቀመጠውም ከጆንያው ሥር የተራረፈው ሳይሆን አስቀድሞ የተለቀመው ይሁን።