የሰው ወገን በቈጠራ መዝገብ



ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ሄዳችሁ አንዱን ገበሬ «ማነህ?» ብትሉት፣ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የአባቱንና ያገሩን ስም ነው። የሕዝብ ቈጠራ ቅጽ ግን ብሔረሰቡን ይጠይቀዋል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት 3 ቈጠራዎች ይኸው ጥያቄ ቀርቧል።

በእነዚህ ወረዳዎች ከመቶ 99 የሚበልጠው ሕዝብ አማራ ተብሎ ስለ ተመዘገበ፣ ቈጣሪው ሳይጠይቅ ለመሙላት ይቃጣው ይሆናል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወገን በመልክ፣ በስም ወይም በአነጋገር አይገመትም፤ መልሱ የባለቤቱ ነው። ከሩቅ አገር መጥታ ለተዳረች ሴት፣ እናትና አባቱ ከሁለት ወገን ለሆኑ ልጅ፣ ያቺ አንዲት መስመር ምስክራቸው ናት። በግምት ከተሞላች ግን እነርሱ ከመዝገብ ጠፉ ማለት ነው።

የሕዝብ ቍጥር ለበጀት ድልድልና ለምርጫ ክልል መሠረት ስለ ሆነ፣ ክርክር አያጣውም። 4ኛው ቈጠራም በ2011 ዓ.ም. ሳይካሄድ ተላልፏል።

እንግዲህ ቅጹን ይዛችሁ ከሰው ደጃፍ የምትቆሙ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ጠይቁ፤ የተባላችሁትንም ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ ጻፉ።