ከጉለሌ ተረተር እስከ ገፈርሳ ውሃ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ውሃ እንዲናገር ሲጋበዝ ስለ ግድብ፣ ስለ ቧንቧና ስለ ማጣሪያ ጣቢያ ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ግን ዛሬ ስለ እግር ጉዞ መናገር እወዳለሁ። ውሃ ወደ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት በዳገትና በቁልቁለት ረጅም መንገድ ይጓዛልና።

በጥቅምት ወር ዝናሙ አባርቶ ነፋሱ በረገበበት ማለዳ ከጉለሌ ተነሥቶ የእንጦጦን ተረተር የሚወጣ ሰው በሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ድንበር ላይ ይቆማል። በሰሜኑ ገጽ የወረደ ዝናም ወደ ዓባይ ያመራል። በደቡቡ ገጽ የወረደው ግን በአቃቂ ወንዞች በኩል ከአዋሽ ተቀላቅሎ፣ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ይቀራል።

ጉዞውን ወደ ምዕራብ የቀጠለ ሰው ከቡራዩ ወዲያ፣ ከገፈርሳ በላይ ካሉት ኮረብታዎች ይደርሳል። ከታች የተኛው ውሃ ሳይነቃነቅ ሰማዩንና ዛፎቹን መልሶ ያሳያል። ይህን ጸጥታ ያየ ሁሉ መንፈሱ ይታደሳል። ነገር ግን ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ከተሠራው ከለገዳዲ አስቀድሞ ለአዲስ አበባ ውሃ ያጠጣ ግድብ ነው። የሐይቁ ዕድሜም የተመሠረተው በግንቡ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው አፈር ላይ ጭምር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 1 ሚሊሜትር ዝናም በ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ስፋት አለው። እንግዲህ 10 ሚሊሜትር ዝናም ቢወርድበት 70,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። የገፈርሳ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 30 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚያጣራ፣ ይህ ከሁለት ቀን ምርቱ ይበልጣል። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ መሬት መስረጉ ወይም አፈር ጠርጎ መውረዱ የሚወሰነው መሬቱ በለበሰው ቅጠልና ሣር ነው።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አድኗታል። ይሁን እንጂ ቅጠሉ ለምጣድ ሲጠረግ መሬቱ ይራቆታል፤ ጎርፍ ያጥበዋል፤ በግድብ ውስጥ የሚከማቸውም ደለል የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ መልሶ መትከል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሆኖም ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እናቶች የማይቈጥር ዕቅድ ፍሬ አይኖረውም። ጫካውን አጥሮ እነርሱን ማባረር የዛሬውን ችግር ወደ ሌላ ዳገት ማዛወር ነው። ቈጣቢ ምድጃ፣ ሌላ ማገዶ፣ በችግኝ ጣቢያም ደመወዝ ያለው ሥራ ከግድቡ ወጪ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። እኔ እነዚህን ከበጎ አድራጎት አልቈጥራቸውም፤ የውሃ ሥራ ክፍሎች ናቸው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የግድብ ንድፍ የሚሠራ መሐንዲስ ከንድፉ በፊት ተፋሰሱን በእግሩ ይዙር፤ አንድ ጊዜ አየሩ ጸጥ ሲል በጥቅምት፣ አንድ ጊዜም ጎርፉ ሲወርድ በሐምሌ። በጥቅምት የምናደንቀው የጠራ ውሃ በሐምሌ የሚጠበቅ ወይም የሚጠፋ ነውና።