መድኃኒቱ ያልተስማማው ሰው

ውድ የጤና ሙያ ተመራቂዎች፤

ዛሬ የተሰበሰብንባት ጎርጎራ የደምቢያ ደጃፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ተማሪዎቹም ወደ ደምቢያዋ ከተማ ቆላ ድባ እየወረዱ ሙያውን ተለማመዱ። የእናንተ ሙያ እዚህ ሥር የሰደደው በዚያ ሐዘን ነው።

ዛሬ የማነሣላችሁ በስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም የሚሠሩትን ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ጉበት መድኃኒት የሚያብላላበትን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኤንዛይም የሚሠራውን ዘረመል መረመሩ። ብዙ ሰው ከእናቱና ከአባቱ አንድ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ግን 29 በመቶ ያህሉ ትርፍ ቅጂ ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው።

የሕመም ማስታገሻውን ኮዴይንን ለምሳሌ እንውሰድ። ሕመም የሚያስታግሰው ይኸው ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ትርፍ ቅጂ ባለው ሰው ሞርፊኑ በፍጥነት ይበዛል፤ ሕፃን ከሆነ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ሐኪሙም ነርሷም መመሪያውን አክብረው ሳሉ ልጅ ሊሞት ይችላል፤ መጠኑ የተለካው በሌላ ሕዝብ ሰውነት ላይ ነበርና። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። የሀገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኮዴይንን ያገደው እንዲህ ያለውን ማስረጃ ይዞ ነው።

በምትመደቡበት ጤና ጣቢያ የዘረመል መመርመሪያ ላይኖር ይችላል። ምርመራው ግን ከመሣሪያው በፊት፣ ከጥያቄ ይጀምራል። መድኃኒት ወስዶ የባሰበት ሰው ሲመጣ «አልተስማማውም» ብላችሁ አትለፉት። ምን ወሰደ? ስንት ፍሬ? ከስንት ሰዓት በኋላ ታመመ? ከዘመዶቹ እንዲህ የሆነ አለ? ለቪቫክስ ወባ ፕሪማኪን የተሰጠው ገበሬ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ የጂ6ፒዲ ኤንዛይም ጉድለትን ጠርጥሩ። ወንድ ልጅ ጉድለቱን የሚወርሰው ከእናቱ ስለሆነ የእናቱን ልጆችና የእናቱን ወንድሞች ሁሉ ጠይቁ። ቢጫውን የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ሙሉና ላኩ፤ መሳቢያ ውስጥ አያርጅ።

ነገ ተመራማሪዎች የደምቢያን ሕዝብ ዘረመል ለማንበብ ሲነሡ፣ የማንን ደም አስቀድመው እንደሚወስዱ የሚነግራቸው እናንተ የሞላችሁት ቅጽ ነው።